ካፕሱሉና የጨጓራው ክኒን

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው እስር ቤት ያስገቡኝ ዕለት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ እርጥበትና ቅማል። ቀጥሎ የተቀበሉኝ ከቁንዝላ የመጡ አንድ መሪጌታ ናቸው። ጠጋ ብለው ጋቢያቸውን አካፈሉኝ።

ብዙም ሳንቆይ ተስቦ ያዛቸው። የእስር ቤቱ ድሬሰር ቴትራሳይክሊን ሰጣቸው፤ ትኩሳቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ክፍል በተስቦ ሞቶ ተጠቅልሎ የወጣ ሰው ስለነበር ፈራሁ።

ጊዜው ሁዳዴ ነው። መሪጌታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ሲገድፉ የቀኑን ካፕሱል ሁሉ ከቤት ከሚመጣላቸው ነጭ የጨጓራ ክኒን ጋር ባንድ ላይ ይውጡታል።

«የኔታ፣ ሁለቱ ሆድዎ ውስጥ ተጣልተው እንዳይሆን?» አልኋቸው። ድሬሰሩን ብጠይቀው «መድኃኒት መድኃኒት ነው» ብሎኝ ሄደ።

ከግድግዳው ማዶ፣ ሴቶቹ ዘንድ፣ ከነሕፃኗ የታሰረች ፋርማሲስት እንዳለች እናውቃለን። መነጋገር ያስገርፋል፤ ጸሎት ግን ጠባቂዎቹ አይከለክሉም። ስለዚህ ሲመሽ ተነሥቼ ጥያቄውን በዜማ ለቀቅሁት፦ «ቴትራሳይክሊን ከጨጓራ ክኒን ጋራ፣ አብሮ ይዋጣል ወይ እኅቴ ሆይ!» እኔ የፋብሪካ ሰው ነኝ፤ ዜማ የት አውቄ!

የኔታ በትኩሳት እየተቃጠሉ ቀና አሉ። «ምነው ልጄ፣ ዜማውን ሰበርኸው።»

ጠባቂው በሩ ላይ ቆመ። እንደሚጸልይ ሰው አማተብሁ። ጸሎት መስሎት አለፈ።

ጥቂት ቆይቶ ከማዶ የሕፃን ማባበያ ተሰማ። «እሹሩሩ፣ አብሮ አይሆንም እሹሩሩ፣ ነጩ ካፕሱሉን እንዳይሠራ ያስረዋል። ካፕሱሉ ብቻውን በውኃ፣ ከጧት እስከ ማታ ተከፋፍሎ፤ ነጩ ራቅ ብሎ በሌላ ሰዓት፣ እሹሩሩ።»

«ጧትም ይዋጡ ማለቷ ነው» አልኋቸው። «ጾሙስ የኔታ?»

 እጃቸውን ዘረጉ። «ለታመመ ሰው ጾም የለም ብዬ ስንቱን አስገድፌአለሁ። ለራሴ ሲሆን ጨከንሁ። በል አምጣው።»

ከቀናት በኋላ ላብ አጠመቃቸውና ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ምግብ ጠየቁ። አለቀስሁ፤ ደስታው ሌላ መውጫ አልነበረውም። በእግራቸው የቆሙ ዕለት ፊታቸውን ታጥበው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው «ተነሡ» አሉን። ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ወደ ሴቶቹ ግድግዳ እጅ ነሣ።

ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ከተፈታሁ ዓመታት አልፈው፣ ዛሬ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ። ፋርማሲ በገባሁ ቁጥር «እነዚህ አብረው ይስማማሉ?» ብዬ ጮክ ብዬ ስጠይቅ ልጆቼ ያፍሩብኛል። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ቀና ብላ፣ ዓይኔን እያየች ትመልስልኛለች።