የእማማ ጅሬኛ ሲንቄ

እማማ ጅሬኛ እልኸኛ ናቸው የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም። እኔ ሐሚዳ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ባለችው ትንሽ ሙዚየም አብሬያቸው በበጎ ፈቃድ ስለማገለግል እልኻቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። ደስም ብሎኛል።

ሰሚት ላይ ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት እዚያው ከባለቤታቸው ጋር ጤፍና ሽምብራ ያመርቱ ነበር። ዛሬም እዚያው ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሙዚየሙ ስለ አካባቢው ገበሬዎች አዲስ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ ሲንቄያቸውን አዋሱ። ሲንቄ የኦሮሞ ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴት ይዛት ከቆመች ጠብ ላይ ያለ ወንድ እንኳ አልፏት አይሄድም።

በምረቃው ጠዋት መስታወቱን ስንወለውል ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩላቸው፦ «የእረኛ በትር። ባለቤቱ ያልታወቀ። ከጠፋ መንደር የተገኘ።»

«ጠፋ? እኔ የት ሄጄ?» አሉ። ደማቸው ፈላ፤ የእኔም።

ኃላፊው አቶ ብርሃነ ዘንድ ሄድን። «እማማ፣ ታትሞ መጥቷል፤ እንግዶች እየደረሱ ነው። በኋላ እናየዋለን» አለን፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። የቢሮ «በኋላ» ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። እሱ እንግዳ ሊቀበል ወጣ።

የመስታወቱ ቁልፍ እኛ ጋ ነበር። እማማ ጅሬኛ ከፍተው በትራቸውን አወጡና የመግቢያው በር መሀል ቀጥ ብለው ቆሙ።

አቶ ብርሃነ ለምረቃው ማድመቂያ ብሎ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠርቶ ነበር። ከፊት የነበሩት አባባ ጉዲሳ ደረጃው ላይ ሲንቄዋን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ከኋላቸው ያሉትም ቆሙ።

«ይግቡ እንጂ አባባ!» አለ አቶ ብርሃነ፣ ቀድሟቸው ወደ በሩ እየሄደ።

«ሲንቄ ቆማለች፤ አናልፍም» አሉ አባባ ጉዲሳ። ክንዱንም ያዙት። «አንተም አታልፍም።»

ፎቶ አንሺው ሳይቀር ካሜራውን አወረደ። እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

አቶ ብርሃነ ላብ በላብ ሆነ። «እሺ እማማ፣ ምን ላድርግ?»

«ሐሚዳ ወረቀቱን ታምጣልህ፤ እዚሁ ቅደደው። ከዚያ እኔን ጠይቀህ ጻፍ።»

ሮጬ አመጣሁለት፤ ቀደደው። ያ ሁሉ እንግዳ እያየ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እስክርቢቶ አወጣና የነገሩትን አንድ በአንድ ጻፈ፦

«ሲንቄ። እናቴ ስዳር የሰጠችኝ። መንደራችን ላይ ፎቅ ተሠራበት እንጂ እኛ አልጠፋንም። ጅሬኛ እባላለሁ፤ እዚሁ ነኝ፤ ጠይቁኝ።»