አቶ ተሰማና የማለዳው መቆፈሪያ

የቡታጅራ ፍርድ ቤት ባልደረባ የነበሩት አቶ ተሰማ ከትናንት በስቲያ አርፈው ትናንት ቀብረናቸዋል። በቀብሩ ላይ «የቢሯችን ምሰሶ» ሲባሉ ሰማሁ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው! «ምሰሶ» ያላቸው የቀድሞው አለቃችን፣ ከወልቂጤ ድረስ ከረባት አስሮ የመጣው ሰውዬ ነው። «እርሳቸው» የምለው ለሟች ነው፤ ለእሱ የሚተርፍ የለኝም።

እኔ መዝገብ ቤት ስሠራ አቶ ተሰማ የአለቃው ጸሐፊ ነበሩ። የባለጉዳይ ጩኸትና የአለቃው ስድብ ሲወርድባቸው ይውላል። እንቅልፍ ራቃቸው፤ ብዕር ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የሰጣቸው ክኒንም አልረዳቸው። በመጨረሻ ጎረቤታቸው ሸምሱ፣ የመስቃን ገበሬ ነው፣ «ጋሼ፣ ቢሮውን ተሸክመው እኮ ነው የሚያድሩት። ኢንሻአላህ ነገ ማለዳ ከኛ ጋር ይሰለፉ» አላቸው።

በዚያ አገር የእንሰት ማሳ ሲቆፈር ወንዶች ተደርድረው መቆፈሪያውን እኩል አንስተው እኩል ይተክላሉ። አንዱ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ከሄደ ሰልፉ ይበላሻል። አቶ ተሰማ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ መጀመሪያ ተሳቀባቸው። እየዋለ እያደረ ግን ማለዳ ቆፍረው፣ ታጥበው፣ ቆጮ በጎመን በልተው በእግራቸው ቢሮ ይገቡ ጀመር፤ ማታም በጊዜ ይተኛሉ። እጃቸው ረጋ። «ሰልፍ ውስጥ አለቃ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር።

ሹማምንቱ በጠጅና በካርታ አድረው፣ ጧት ዓይናቸው ቀልቶ ሰው ላይ ሲጮኹ ማንም ነውር አላለም። ጸሐፊ አፈር ነካ ሲባል ግን ጉድ ተባለ። አለቃው አስጠርቶ የመንግሥትን ወንበር አዋረድክ፣ ወይ መቆፈሪያውን ወይ ወንበሩን ምረጥ አላቸው። እርሳቸውም «ጌታዬ፣ መቆፈሪያውን የያዝኩት ወንበሩን ለመቻል ነበር» ብለው ቁልፋቸውን አስቀምጠው ወጡ። ከማዕረጋቸው ዝቅ ተደርገው መዝገብ ቤት እኔ ዘንድ ተላኩ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ግን ሰውዬውን ከዚያ ቀን ጀምሮ ናቅሁት።

ትናንት ንግግሩን ከጨረሰ በኋላ፣ እነሸምሱ አፈሩን በመቆፈሪያ ለመመለስ ሲሰለፉ እሱም ከረባቱን ወደ ኋላ ጥሎ መሐላቸው ገባ። እኩል አነሳ፣ እኩል ተከለ፤ አንዴም ሰልፉን አላበላሸ።

ሸምሱን ገለል አድርጌ ሰውዬው ይህን ከየት እንደተማረ ጠየቅሁት። ለካ ያም አለቃ በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮት፣ ጋቢ ተከናንቦ ጎህ ሲቀድ ማሳው ድረስ ይመጣ ኖሯል። ቆፋሪዎቹ ሊያባርሩት ሲሉ አቶ ተሰማ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። «ለማንም እንዳንናገር አስምለውን ነበር» አለኝ። እጁን አድነውለት እንኳ ማዕረጋቸውን አልመለሰላቸውም። ትናንትም ስለ መቆፈሪያው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፈሪ!

ጋሽ ተሰማ፣ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ክፍል ስንውል ይህን ሸሸጉኝ። ምላሴን ያውቁታላ። ከትናንት ወዲህ በንዴት የእኔም እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍም የለኝ። ስለዚህ ነገ ማለዳ በእርስዎ ቦታ እንደምቆም ለሸምሱ ነግሬዋለሁ። አፈሩ ይቅለልዎት። ሰውዬው አንድ ቀን ተከናንቦ ቢመጣ፣ ለእርስዎ ስል ከጎኔ ቦታ እለቅለታለሁ። አንቱ ግን አልለውም።