በአያ ሙላት ስም ያተምሁት አሻራ

የገደፍሁትን ጾም፣ ያማሁትን ሰው ሁሉ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ይህን ግን አልተናገርሁም። እሳቸው አረፉ፤ እኔ ይዤው ቀረሁ። እንግዲህ ፊቴን ለማታየው ለአንተ ልናገር።

በጃንሆይ ዘመን ከጠዳ በላይ ባለው ደጋ የወረዳ ጸሐፊ ነበርሁ። ተዳፋት መሬቱን ማረስ ትቶ በድንጋይ እርከን ለሚያስር ገበሬ መንግሥት ስንዴ እንዲሰጥ ታዘዘ። ማንም እንዳይሰርቅ፣ የተቀባዮቹ ስም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ይነበብ ተባለ። አንባቢው እኔ ነበርሁ።

አያ ሙላት የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ጋር ሁለት በጋ ድንጋይ ተሸክሞ ገደል የመሰለ መሬቱን አሰረ። በአገሩ ያን የመሰለ ሸጋ እርከን አልነበረም። ስንዴው ሲመጣ ግን የአገሩ ጭቃ ሹም የእሱን ድርሻ ወደ ራሱ ጎተራ አስገባና ወረቀቱን እንዳስተካክል ነገረኝ። አስተካከልሁ። ከአያ ሙላት ስም አጠገብ የጣት አሻራ ያስፈልግ ነበር። የራሴን አውራ ጣት ቀለም ውስጥ ነክሬ አተምሁ። እኔ ነኝ ያተምሁት። እጄን የያዘኝ ማን ነበር? ማንም።

እሑድ በደጀ ሰላሙ ቆሜ ስሙን ከተቀባዮቹ ጋር አነበብሁ። አያ ሙላት አልተቀበልሁም ቢል ሰው ሳቀበት። ወረቀት ይዋሻል? ሐምሌ ላይ እህል አልቆበት ሲበደር ጎረቤቶቹ መጀመሪያ የደበቅኸውን ስንዴ አውጣ አሉት። ሚስቱ ሳትቀር ለየትኛዋ ሴት እንደሰጠው ጠየቀችው።

አንድ ቀን ቢሮዬ መጣ። አልተቆጣም። ማንበብ ስለማይችል ስሙን እንዳሳየው ለመነኝ፤ አሳየሁት። አሻራውን ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«ይህ የኔ ጣት ነው?»

«ነው» አልሁት።

«እንግዲህ አንተ የተማርኸው ካልህ ምን እላለሁ» አለኝ። «እኔ ግን ያን ስንዴ አልቀመስሁትም።»

ከበሩ እስኪወጣ ጊዜ ነበረኝ። ምነው አልጠራሁት? ሹሙን ፈርቼ ነው እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልሁ! ከዚያ ስንዴ አንድ ጆንያ እኔም ቤት ገብቷል። ልጆቼ በልተውታል፤ እኔም በልቻለሁ።

በዚያው ክረምት አያ ሙላት እርከኑን በገዛ እጁ ናደው። ሰው ሲጠይቀው፣ ለውሸታም እርከን ምን ያደርግለታል አለ አሉ። ተዳፋቱን መልሶ አረሰው፤ ዝናቡም አፈሩን ጠራርጎ ወንዝ ከተተው። በዓመቱ ሚስቱን ትቶ ብቻውን ወደ ዛሪማ ቆላ ወረደ። ሦስት ዓመት የሰው ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በወባ ሞተ።

ሹሙን ረግሜያለሁ፤ ስም ይነበብ ብሎ የተነበበውን ሳይመረምር የቀረውን መሥሪያ ቤትም ረግሜያለሁ። እርግማኑ አላሳረፈኝም፤ ያናድደኛል እንጂ። እነሱ አያ ሙላትን በስሙም አያውቁት። ዓይኑን እያየሁ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ዛሪማ ነበረ። በማኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። አልሄድሁም።