መጁና ባዛልት

ኮሌጁ ነርስነት ከመማራችሁ በፊት መሠረታዊ ሳይንስ እለፉ ይላል፤ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና የመሬት ሳይንስ አንድ ላይ። እኔ አንዴ ወድቄያለሁ። ሁለቴ የወደቀ ደግሞ አይመዘገብም። ሳንሆዜ አረጋውያን ቤት ውስጥ ሰው ሳገላብጥና አንሶላ ስቀይር ለምውል ሴት መውጫ በሬ ይኸው ብቻ ነበር። ወገቤ ከእንግዲህ እንደማይችል ከነገረኝ ቆይቷል።

መጀመሪያ የጣለኝ ቃላቱን አለማወቄ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ እንደ ቁርአን ቀራኋቸው። ልጅ ሆነን ደሴ ሸኹ ፊት እየተወዛወዝን ነበር የምንቀራው፤ መጀመሪያ ምላሳችሁ ይያዘው፣ ትርጉሙ በኋላ ይመጣል ይሉን ነበር። ከኦክላንድ ሳንሆዜ በሚወስደው ባቡር ውስጥም እየተወዛወዝኩ ስለ ንጥረ ነገር፣ ስለ ውህድ፣ ስለ ሕዋስ አነበነብኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ ቦታ ቀየረ። አልፈረድኩበትም።

ማታ ማታ ልጄ የቃላት ካርዶቹን ይዛ ትጠይቀኛለች። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ባዛልት ስትለኝ፣ ቅልጥ አለት ወደ ላይ ወጥቶ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር፣ ጠቆር ያለ፣ ቅንጣቱ የደቀቀ ድንጋይ ብዬ ሳልተነፍስ በእንግሊዝኛ አወርድላታለሁ።

“ማሚ፣ ዩ አር ሶ ስማርት!” አለችኝ አንድ ቀን። እዚህ አገር ከመጣሁ ጎበዝ ነሽ ያለኝ ሰው ስለሌለ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ላብራቶሪ ስንገባ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። አብረውኝ የሚማሩት ወጣቶች ናሙናውን ይነካካሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስላሉኝ ደስ ብሎኝ። በመጨረሻው ፈተና ግን ጠረጴዛው ላይ ሳህን ተደርድሮ ጠበቀን። በየሳህኑ ድንጋይ፣ ዱቄት፣ ቅጠል ተቀምጧል። ስሙን ጻፉ፣ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው እለፉ ተባልን።

የእኔ የመጀመሪያው ጥቁር ድንጋይ ነበር። ሳነሳው እጄ ወዲያው አወቀው። መጅ ነው፤ እናቴ ወፍጮዋ ላይ አዋዜ የምትፈጭበት። ክብደቱ እንኳ ያው ነው። ይሄ የጓዳ ዕቃ ፈተና ላይ ምን ያደርጋል ብዬ ተናደድኩ። ባዛልት የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ከነትርጉሙ ተቀምጧል፤ ግን እሱ መጽሐፍ ውስጥ የሚኖር፣ በእንግሊዝኛ የሚቀዘቅዝ፣ የሌላ ሰው አገር ድንጋይ ነበር። የእናቴ መጅ ስም ሊሆን ይችላል ብዬ፣ ወላሂ፣ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ደወሉ ተደወለ። ባዶውን ትቼው አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ቅጠሉም ቅጠል ብቻ፣ ዱቄቱም ዱቄት ብቻ ሆነብኝ።

ውጤቱ ሲወጣ ዳግም ወድቄ ነበር፤ መምህሯ ቢሮዋ ጠራችኝ። ደግ ልጅ ናት። ድንጋዩን አንስታ ስሙን ስትነግረኝ ትርጉሙን ከአፏ ነጥቄ ሙሉውን አወረድኩላት።

“ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?” አለችኝ ግራ ገብቷት።

ምን ልበላት? ስለ አዋዜ ላውራላት? እሷም ሕጉን መቀየር እንደማትችል ነገረችኝ።

ቤት ስገባ ባሌ ከኡበር ሥራው ተመልሶ ጫማውን ያወልቅ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። “በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል” አለ፣ ሊያጽናናኝ።

“ተረትህን ለተሳፋሪዎችህ ንገራቸው!” ብዬ ጮህኩበት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቁን ቀጠለ። እኔም ይቅርታ አላልኩም። ተስፋ ሲያልቅ ሰውን እንዲህ ክፉ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፤ ሐዘን ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ክፋትም አለበት። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው። ነገም አንሶላ ነው፣ ከነገ ወዲያም አንሶላ ነው፣ ወገቤ እስኪቆረጥ።

ልጄ ካርዶቹን ይዛ ከክፍሏ ወጣች። ገና አልነገርናትም። እንደ ልማዷ ከጎኔ ተቀመጠችና አንዱን መዘዘች።

“ባዛልት” አለች።

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ካርዱን ተቀብያት፣ በቃ ልጄ፣ አለቀ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ትርጉሙ ነው። እየተወዛወዝኩ፣ ሳልተነፍስ፣ እስከ መጨረሻው። አንድ ቃል አልሳትኩም።

አጨበጨበችልኝ።