ለሁለት ስም አንድ መቀመጫ

ክብረት እስካሁን አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ከቦምቤይ ወደ ባንጋሎር በቀን ስንት በረራ እንዳለ፣ ከናይሮቢ ወደ ኪሱሙ የምትሄደው ትንሿ አውሮፕላን ስንት ኪሎ ሻንጣ እንደምትፈቅድ፣ ሌጎስ ላይ ከውጭው በረራ ወርዶ ወደ አገር ውስጡ ለመሻገር በየት በኩል እንደሚኬድ ጠይቋት ግን፤ የራሷን ግቢ እንደምታስጎበኝ ሰው ትነግራችኋለች። "በግራ በኩል ነው፣ ብዙ አያስኬድም" ትላለች፣ በዓይኗ ያላየችውን አገር።

ሰፈራችን ነፋስ ስልክ ውስጥ "ክብረት ትኬቷ" ነው የምትባለው። ለገሃር አካባቢ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ መሥራት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚያደርሰውን ትኬት የሚቆርጡት ሌሎች ናቸው። የእሷ ጠረጴዛ የሚይዘው ተሳፋሪው ከደረሰ በኋላ እዚያው ከከተማ ከተማ የሚያዘዋውረውን በረራ ነው። ስለ ሥራዋ ለጠየቃት ሁሉ፣ "እኔ የአገር ውስጥ በረራ ነኝ፤ አገሩ ግን የሰው ነው" ትላለች።

ስልክ ውድ ነው፣ መስመሩም ይቆራረጣል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በቴሌክስ ነው፤ ለገሃር ተቀምጣ የመታችው ፊደል ቦምቤይ ባለው ማሽን ላይ ተጽፎ ይወጣል፣ የዚያኛው ሰው መልስ ደግሞ እዚህ እየተንጣጣ ይመጣል። በቦምቤይ በኩል አራት ዓመት ሙሉ የሚመልስላት አንድ ሰው ነበር፤ መልእክቱ ሥር "ኤስ. ኩልካርኒ" ብሎ ይፈርማል። ክብረት በሐሳቧ ራሰ በራ፣ መነጽር ያደረገ፣ ከወንበሩ የማይነሳ ሽማግሌ አድርጋ ሥላዋለች። ጠዋት ማሽኑን የምትከፍተው፣ "ኩልካርኒዬ፣ እንዴት አደርክ?" እያለች ነበር። የቢሮው ኃላፊ አቶ ሙሴ ይህን በሰማ ቁጥር፣ "ሰውዬው ሳያገባ እየጠበቀሽ እንዳይሆን" ይላታል።

ክብረት ከእትዬ ተሾመች ጋር አጥር ትጋራለች። በ1986 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ የእትዬ ተሾመች ልጅ ብሩኬ ከባንጋሎር ደብዳቤ ጻፈ። ምህንድስና ጨርሶ ሊመረቅ ነው፤ ምረቃው ኅዳር ላይ፣ እሑድ ቀን ነው። ቤተሰቡን ካየ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አባቱን ጋሼ ማሞን እግራቸውን ስለሚያማቸው መንገዱ የእናትየው ሆነ። ደብዳቤውን ያነበበችላቸው ክብረት ነበረች። መጨረሻው ላይ፣ "እማዬ ከሌለች ካባውን ለማን ብዬ ነው የምለብሰው?" ይላል። ከዚያ በኋላ እትዬ ተሾመች ስለ ሌላ ነገር አላወሩም።

ችግሩ ከቦምቤይ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ባቡሩ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ ቅዳሜ ቦምቤይ የሚደርስ ሰው በባቡር ከሄደ እሑድ የሚደርሰው ምረቃው ካለቀ በኋላ ነው። ደግሞ እትዬ ተሾመች አማርኛ ያውቃሉ፣ ኦሮምኛ ያውቃሉ፣ ቦምቤይ ባቡር ጣቢያ ላይ ግን ሁለቱም አያበሉም። ለውጭ አገር እንግዳ በቅናሽ የሚሸጠውን ትኬት ደግሞ ብሩኬ እዚያው ሆኖ ሊገዛላቸው አይችልም፤ የሚሸጠው ከአገሩ ውጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ክብረት ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ወሩ የህንዶች የሠርግ ወር ነበርና አውሮፕላኑ ሁሉ በሠርገኛ ሞልቷል። ኩልካርኒ ሦስት ቀን ፈልጎ ቅዳሜ ቀትር ላይ አንዲት መቀመጫ አገኘ። ቀጣዩ ክፍት ቦታ የሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ክብረት "ያዝልኝ!" ብላ መታችለት፣ የተሳፋሪዋንም ስም ጻፈች። ፓስፖርቱ በዚያን ጊዜ ለቪዛ ኤምባሲ ገብቷል። የአባታቸውን ስም በአጥር በኩል ጠየቀቻቸው፤ "በንቲ" አሏት። የራሳቸውን ስም አልጠየቀችም። ሃያ ዓመት በአጥር በኩል ስትጠራቸው የኖረችውን ሴት "ስምዎ ማን ነው?" ይባላል?

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ የቢሮው ተላላኪ አቶ ነጋ ከኤምባሲ ፓስፖርቱን ይዞ መጣ። ጠረጴዛዋ ላይ አኑሮት ከመሄድ ይልቅ ቆመ።

"ክብረት፣ እነዚህ ሰዎች የተሳሳቱ መሰለኝ።"

"ቪዛ ከለከሉ?"

"ቪዛውንስ ሰጥተዋል። ፎቶውም የጎረቤትሽ ነው። ስሙ ነው የሌላ ሴት።"

ክብረት ገለጠችው። ፎቶው ላይ እትዬ ተሾመች፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ኮስተር ብለው ያያሉ። ሥሩ "ጫልቱ በንቲ" ይላል።

"ልመልሰው?" አለ ነጋ።

"ቆይ፣ ቆይ።"

ነፋስ ስልክ ውስጥ በዚያን ጊዜ እኛ መንደር የነበረው ስልክ የወርቄ ሱቅ ስልክ ነው። ክብረት ደወለች፤ ወርቄ ሄዳ እትዬ ተሾመችን ጠርታ እስክትመጣ ድረስ ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች ሰዓቱን ታያለች። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦምቤይ ቢሮው ይዘጋል።

"አቤት፣ ክብረትዬ!"

"እትዬ ተሾመች፣ ጫልቱ ማናት?"

"ማን ነገረሽ?"

"ፓስፖርቱ!"

"እኔ ነኛ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? የአባትዎ ስም ማን ነው አልሽኝ፣ ነገርኩሽ!"

እትዬ ተሾመች የተወለዱት ሰበታ አጠገብ ነው። ጫልቱ ያሏቸው እናታቸው ናቸው። ለጋሼ ማሞ ሲዳሩ ግን አማታቸው በር ላይ ተቀበሏቸውና፣ "ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ ላይ ሾሜሻለሁ፣ ስምሽ ተሾመች ነው" አሏቸው። በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ተሾመች ሆኑ። የመጀመሪያው ስም ቀበሌ መዝገብ ውስጥ ቀርቶ፣ ከዚያ መታወቂያ ላይ፣ ከዚያ ፓስፖርት ላይ ወጣ። ልጆቻቸው እንኳ አያውቁትም።

"ችግር አለው እንዴ?" አሉ እትዬ ተሾመች። "እሑድ አልደርስም?"

"ይደርሳሉ" አለች ክብረት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ፊደል ቢሳሳት ይታረማል። ሙሉ ስም ሲለወጥ ግን አየር መንገዱ የሚያየው መቀመጫው ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው፤ ያ ደግሞ ክልክል ነው። ይሰረዛል፣ ወረፋ ከያዙት አርባ ሰዎች ለአንዱ ይሰጣል። አቶ ሙሴ መጥቶ ከትከሻዋ በላይ አነበበ።

"ለሐሙሱ በረራ ያዢላትና ይለቅ።"

"ምረቃው እሑድ ነው፣ አቶ ሙሴ።"

"ታዲያ ምን ልትዪው ነው? ሴትየዋ ሁለት ናት ልትዪው ነው?"

"አንድ ናት ልለው ነው እንጂ!"

ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። በአጭሩ መጻፍ ነው ሥርዓቱ፣ በደቂቃ ስለሚከፈል። ያን ዕለት ግን ክብረት ሥርዓቱን ረሳችው። ተሾመች የተባለችው ተሳፋሪ በፓስፖርቷ ጫልቱ ናት፤ አንድ ሰው ናት፤ በእኛ አገር ሴት ስታገባ አማቷ አዲስ ስም የምታወጣላት ልማድ አለ፤ ልጇ እሑድ ይመረቃል፤ እባክህ ወንድሜ፣ ለአየር መንገዱ አስረዳልኝ፤ ብላ ላከች። አቶ ሙሴ ወረቀቱን በክንዱ እየለካ፣ "ይኼ ቴሌክስ ነው የፍቅር ደብዳቤ?" ይላል።

ማሽኑ ዝም አለ። ዐሥር ደቂቃ። ሩብ ሰዓት። ነጋ እንኳ ሥራውን ትቶ አጠገቡ ቆሟል። ከዚያ መንጣጣት ጀመረ።

"ወንድም አይደለሁም፣ እህት ነኝ" ይላል የመጀመሪያው መስመር።

ነጋ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። አቶ ሙሴም፣ "ራሰ በራው ሽማግሌሽ!" አለ። ክብረት ግን በጣቷ ዝም በሉ እያለች የሚቀጥለውን ታነባለች።

"በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። እናቴ ላታ አለችኝ። ባሌ ቤት ስገባ ሱናንዳ ሆንኩ። ለአየር መንገዱ ኃላፊ ደወልኩ፣ አይቻልም አለ። አሁን በእግሬ ልሄድበት ነው። ማሽኑን አትዝጊ።"

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ቦምቤይ ያለው ቢሮ መዝጊያው ደረሰ። አቶ ሙሴ "ሄዳለች፣ ቤቷ ገብታለች" ብሎ ኮቱን ከሰቀለበት አወረደ፣ ግን አልለበሰውም። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ማሽኑ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

"ኃላፊው ይህ ማታለል ነው አለኝ። የእናትህ ስም ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። የትኛው? አለኝ። ከዚያ ራሱ ሳቀ። መቀመጫው ጫልቱ በንቲ በሚል ጸድቋል። ትኬቱን ጻፊ።"

ክብረት ትኬቱን በእጇ ጻፈችው፣ እያንዳንዱን ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር እያስተያየች። አቶ ሙሴ አንዴ፣ ነጋ ሁለቴ አነበቡት።

ዓርብ ጠዋት ደግሞ ሌላ ጣጣ ወጣ። ክብረት ትኬቱን ልትሰጥ ሄዳ ከበሩ ሆና፣ "እትዬ ጫልቱ!" ብላ ጠራች። እትዬ ተሾመች ሻንጣቸውን እያሰሩ ነበር፣ ቀና እንኳ አላሉም። ጋሼ ማሞ ከአልጋው ላይ ሆነው፣ "እዚህ ቤት ጫልቱ የምትባል የለችም፣ ሌላ ቤት ጠይቂ" አሏት። ያን ቀን ሙሉ መንደርተኛው ልምምድ ላይ ዋለ። ወርቄ ከሱቋ፣ ሴቶቹ ከቧንቧው፣ ሁሉም "ጫልቱ!" ይላል። እትዬ ተሾመች ከአምስቱ አንዱን ብቻ ነበር አቤት የሚሉት፣ እሱንም ዘግይተው።

"እዚያ ሲጠሩዎት እንዲህ ዝም እንዳይሉ" አለች ክብረት።

"ልጄ፣ ከእናቴ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ የለም። ጆሮዬ ረስቶታል እንጂ እኔ መች እንቢ አልኩ?"

ቅዳሜና እሑድ ከህንድ ወሬ አልመጣም። ሰኞ የኩልካርኒ ማሽን "ተሳፍረዋል" ብቻ አለ። ቀሪውን የሰማነው እትዬ ተሾመች ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ፣ ቤታቸው ተሰብስበን፣ ያመጡትን ጣት የሚያጣብቅ የህንድ ጣፋጭ ስንበላ ነው።

ቦምቤይ ላይ ክብረት ጽፋ ያስያዘቻቸውን ወረቀት እያሳዩ የባንጋሎሩ በረራ መጠበቂያ አዳራሽ ደረሱ። ተቀመጡ። ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ሄደ። እሳቸው ቁጭ። በድምፅ ማጉያው አንዲት ሴት ትጣራለች።

"ቻልቱ፣ ቻልቱ ትላለች" አሉ እትዬ ተሾመች። "እኔ ደግሞ፣ ይቺ ቻልቱ የምትባለው የማን ዝንጉ ናት፣ አውሮፕላን ሊያመልጣት ነው እያልኩ አዝንላታለሁ!"

ጋሼ ማሞ በሳቅ ትን አላቸው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሴትየዋ ሙሉውን ጠራችው። በንቲ አለች። አባቴን! በባዕድ አገር አባቴን ጠሩት። ያኔ ብድግ አልኩ። ሻንጣዬንም አልያዝኩ፣ አንድ ልጅ እግር ወታደር ነው ተሸክሞ የተከተለኝ። በሩ ሊዘጋ ሲል ገባሁ።"

እሑድ ጠዋት ሁለት ሺህ ሰው ባለበት አዳራሽ ብሩኬ ካባውን ለብሶ ወጣ። ስሙ ሲጠራ እትዬ ተሾመች እልል አሉ። ሌላ እልል የሚል የለም፤ አዳራሹ ዞሮ አያቸው። አጠገባቸው የተቀመጠች ሳሪ የለበሰች ሴት በእጇ ምልክት፣ "ማነሽ? የእሱ ምኑ ነሽ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"እናቱ ነኝ አልኳት፣ በአማርኛ። ገባት። እሷም ማጨብጨብ ጀመረች፣ ከዚያ በዚያ መስመር ያሉት እናቶች ሁሉ።"

ወርቄ እንባዋን ጠረገች። የሌሎቻችንም ዓይን ደረቅ አልነበረም። ክብረት ብቻ ጣፋጩን በእጇ እንደያዘች አንገቷን ሰገግ አድርጋ ትጠብቃለች፣ ያልተነገራት ነገር እንዳለ።

"እትዬ ተሾመች፣ አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ተነሣ?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ፕሮግራሙ ቀትር ላይ ነበር። ዘግይቷል?"

"ወይ ልጅቱ! እሺ፣ ዘግይቷል። ትንሽ ዘግይቷል።"

"ስንት ደቂቃ?" አለች ክብረት፣ እስክሪብቶ ለማውጣት ቦርሳዋን እየከፈተች።