በጎረቤቴ አፍ ያየናት ተዋናይ

የልጅ ልጆቼ የውጭ ፊልም ሲያዩ ትርጉሙ ከሥር ተጽፎ ይመጣላቸዋል። እኔ ትርጉም የማገኘው ከጎረቤቴ አፍ ነበር።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። አሶሳ ውስጥ ቢሮ የሚከፈተው በኪራይ ቤት ነበር፤ ከመሀል አገር የተመደበች አንዲት ታይፒስት እኛ ሰፈር ቤት ተከራየች። ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ይዛ መጥታለች። ካሴቱ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ይመጣል፤ የግብፅ ፊልም ነው፣ ንግግሩ ሁሉ ዓረብኛ። እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቼ የሰፈርኩ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ዓረብኛ ከየት አባቴ አውቄ? ታይፒስቷም አታውቅም። የምታውቀው ጎረቤቴ ናት። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፣ ሱዳን አድጋ የተመለሰች።

እሑድ ማታ የከተማው ጄኔሬተር ሲነሳ ሦስታችን እንሰበሰባለን። የምናየው የአንዲት ተዋናይ ፊልም ብቻ ነው። ስሟን አስተካክለን መጥራት ስለማንችል "የኛዋ" እንላታለን።

ጎረቤቴ አማርኛ ስትናገር ሴቱም ወንዱም "እሱ" ነው፤ ያንን ለምደነዋል። እኔ ያልለመድኩት ሌላ ነበር። የኛዋ እጇን እያወናጨፈች ስትናገር ትቆያለች። ጎረቤቴ እንባዋን እየጠረገች አዳምጣ ትጨርስና፣ "እምቢ አለ" ትለናለች።

"ያን ሁሉ አውርታ እምቢ ብቻ? የቀረውን ማን በላው?"

"ወላሂ እምቢ ነው። ረጅም እምቢ ነው።"

"እኩል ተቀምጠን እኩል እንስማ እንጂ! አንች ጠግበሽ ለኛ ፍርፋሪ?"

ታይፒስቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "እትዬ፣ ፍርድ ቤት ይክሰሷት እንግዲህ!"

ከዚያ የጎረቤቴ ዓይን ደከመ። አንድ ቀን ከወንዝ ዳር ማሳዋ ስትመለስ መንገድ ላይ እጄን ባነሳላት ዝም ብላኝ አለፈች። የተቀየመችኝ መስሎኝ ሰነበትኩ። በኋላ ግን በርጩማዋን በየሳምንቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ስታስጠጋ አየሁ።

የዓይን ሐኪም መጣ ሲባል እጇን ይዤ ወሰድኳት። ተሰልፈን ሳለ ዘመድ ያላቸው ሰዎች እየመጡ ከፊታችን ይገባሉ። እበሩ ላይ ቆምኩና ሌሊት መጥቶ የተሰለፈ ሳይገባ ማንም አያልፍም አልኩ። ዘበኛው ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፤ አልተነሳሁም። በተራችን ገባን። ሐኪሙ በባትሪ አየና ሁለቱም እየጠፉ ነው፣ መመለስ አይቻልም አለ። ተራችንን አስከብሬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የምጮህበት ሰው አጣሁ።

ስንመለስ እጄን ጭብጥ አድርጋ፣ "የኛዋን ልየው፣ ያ ኡኽቲ" አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። "ካሴቱን ሁሉ አምጡ። ገና ትንሽ ብርሃን አለኝ።"

ታይፒስቷ ያገኘችውን ሁሉ ለቃቅማ አመጣች፦ የኛዋ ልጃገረድ የሆነችበትን፣ ሙሽራ የሆነችበትን፣ እናት የሆነችበትን። እኔ ለውዝ ቆላሁ፣ ታይፒስቷ ከርከዴ አፍልታ አቀዘቀዘች። ጎረቤቴ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ለብሳ፣ እጇን ሂና ተቀብታ መጣች፤ ሰርግ የተጠራች ትመስል ነበር። በርጩማዋን አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ድረስ አስጠጋንላት። ዛሬ ትርጉም አንጠይቃት፣ ጊዜውን ዓይኗ ይጠቀምበት ተባብለን ነበር።

ብዙ ከቆየች በኋላ፣ "ይሄ ቀዩ፣ ቀሚሱ ነው?" አለች።

"መጋረጃው ነው" አለች ታይፒስቷ፣ ቀስ ብላ።

ያኔ እንደዘገየን አወቅሁ። ጎረቤቴ በርጩማዋን ይዛ ወደኋላ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። "በል ንገረኝ። አሁን ተራው ያንተ ነው።"

ነገርኳት። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ደብዳቤውን ቀደደችው። እየተጋገዝን መጨረሻው ካሴት ደረስን። የኛዋ እናት ናት፤ ልጇ ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ነው። በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ቃል የለም፣ ሙዚቃ ብቻ።

"ምን ሆነ?"

"አለቀሰች።"

"ይሄ ሁሉ ዝም፣ አለቀሰ ብቻ? የቀረውን ማን በላው?"

ታይፒስቷ አልሳቀችም። "ካሴቱን ወደኋላ መልሽው" አልኳት። መለሰችው።

"ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል" አልኩ። "ነጠላ መሳይ ነገር አገጯ ሥር ይዛለች። ዓይኗ ልጁ ላይ አይደለም፣ ሻንጣው ላይ ነው።" ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ። ቁጣ እንዳልለው ቁጣ አይደለም። አውቀዋለሁ፤ ከወሎ ስንነሳ እናቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ። ስሙን ግን አላውቀውም።

"እ?" አለችኝ ጎረቤቴ።

"ቆይ። መልሽው።"

ደግማ መለሰችው። ካሴቱ በስንት ሰው እጅ ያለፈ አሮጌ ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ ነጭ መስመር እየሮጠ የኛዋን ፊት ሸፈነው። ታይፒስቷ ዴኩን ከፍታ በጥጥና በአልኮል ወለወለችው። ድምፁ ይሰማል፣ ሥዕሉ የለም።

"ምን ሆነ?"

"ሥዕሉ ጠፋ። ለኛም አይታይም።"

"ኸላስ፣ በቃ" አለች፤ "እንግዲህ እኩል ሆንን።"

ዕድሜዬን ሙሉ እኩል እንሁን ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ይሄኛውን አልጠየቅሁም ነበር።

ከቴሌቪዥኑ የኛዋ ድምፅ መጣ። ጎረቤቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈችና፣ "እናቱ አለ፣ 'በሩን አልቆልፍም።' ልጁ 'ቆልፍ' አለ። እናቱ አለ፣ 'ብርድ ይግባ እንጂ አልቆልፍም'..." እያለች ጀመረች። በዚያ ማታ አንድ ቃል አላስቀረችብንም።

እኔ ነጩን መስመር እያየሁ አዳመጥኳት። ስሙን ያጣሁለትን ያን ፊት ግን አልሰጠኋትም።