ለፍየል ጆሮ የተመረጠ ጥይት

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከኤርፖርት ሥራ ወጥቼ ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ... ሐጂ ይማም ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ እዚህ ሰው አገር፣ እኔ ከምኖርባት ከሲታክ ከተማ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ ገጠር ውስጥ ዶሮና ፍየል ያረባሉ። የእኔን ጤና፣ የቤተሰቤን ጤና፣ የመኪናዬን ጤና ጠይቀው ሲያበቁ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ከማል ልጄ፣ ጥይት ልገዛ ነውና እንግሊዝኛህን ይዘህ ና።»

እንቅልፌ እዚያው ጠፋ።

ነገሩ አይጥ ነው። ከመኖ ቤቱ ወለል ሥር እየወጡ ጫጩት ይዘው ይገባሉ። ሐጂ መርዝ አይወዱም፤ ቀኑን ሙሉ አሰቃይቶ ነው የሚገድለው ይላሉ። ማጣበቂያውን አንዴ ሞክረው፣ አይጧ በሕይወቷ ተጣብቃ ስትጮህ ሰምተው ምሳ አልበሉም። ስለዚህ ለተኩላ ብለው የገዟትን ሃያ ሁለት የምትባል ቀጭን ጠመንጃ ሊያወጡ ነው። ግን ጥይቱ ድምፅ የማያሰማ መሆን አለበት።

«እርጉዝ ፍየል አለችኝ። ከደነገጠች ትጨነግፋለች» አሉኝ።

የጠመንጃ ሱቁ ውስጥ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ፈረንጅ ተቀበለን። ይስቅብናል ብዬ እየፈራሁ ተረጎምኩለት። ሰውየው ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ፍየሏ ስንት ወሯ ነው?» አለ።

ሐጂ ትንሽ ተደናቀፉ። «በቃ... ወሯ ገብቷል በለው።»

ሦስት ዓይነት ጥይት ደረደረልን። ሐጂ አንዱንም አልነኩ። «ሳልሰማው አልገዛም» አሉ። ሬዲዮ ሳይከፍቱ የማይገዙ ሰው ናቸው፣ ጥይትማ እንዴት አድርገው! ደግነቱ ሱቁ ከኋላው የመተኮሻ ክፍል አለው። ሻጩ የጆሮ መከላከያ ሰጣቸው። ሐጂ አድርገው አወለቁት።

«ይሄን አድርጌ በምኔ ልሰማ ነው?»

ሕጉ አይፈቅድም አለ ሰውየው። ተከራክረን ተከራክረን ተስማማን፤ እሱ ውስጥ ይተኩሳል፣ ሐጂ ከበሩ ውጭ ቆመው ያዳምጣሉ። ሐጂ ፍየሏ የምትቆምበትን ርቀት በእርምጃ ለኩና ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ሌሎች ገበያተኞች እኔን ያዩኛል። እኔ ጣሪያውን አያለሁ።

የመጀመሪያው «ጧ!» አለ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ያስወርዳል።»

ሁለተኛው እርሳስ ከጠረጴዛ የወደቀ ያህል ነው። ፊታቸው በራ። ሻጩ ግን ሐቀኛ ሆነና «ይሄ ጉልበት የለውም፤ ትንሽ ከራቀ አይገድልም፣ ያቆስላል» አለ። ስተረጉምላቸው ሳጥኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«ቆስሎ ወለል ሥር ገብቶ ሲሰቃይ ሊውል? መግደልም ሥርዓት አለው። አልፈልግም።»

ቀረ ሦስተኛው። ጥይት የሚጮኸው ከድምፅ ሲፈጥን ነው አለን ሰውየው። ይሄኛው ዝግ ይላል፤ ጫፉ ደግሞ ጎድጓዳ ስለሆነ ከቅርብ ጭንቅላቱን ካገኘው እዚያው ይጨርሰዋል። ከኋላው የአፈር ክምር ይኑር ብሎም መከረ። ተኮሰ። ሐጂ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቆዩ... በጣም ቆዩ።

«ታዲያ ሐጂ፣ ይሄ ይሁን?» አልኳቸው።

«ይሁን እስቲ። አላህ ያውቃል።»

እርሻቸው ስንደርስ ያቺን ይህን ሁሉ ያለፋችን እርጉዝ ማየት አማረኝ። በረቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ፍየሎች ናቸው። ሦስቱም ቀንዳቸው የዞረ ወጠጤ።

«ሐጂ፣ እርጉዟ የቷ ናት?»

ሐጂ የበረቱን በር መዝጋት ያዙ። ግራ ገብቶኝ ስዞር የመኖውን በርሜል ክዳን ገፋሁትና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ... ቋ! ግቢው ውስጥ ጫጩት ሲመግቡ የነበሩት ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ መሬት ላይ ተደፉ። ጫጩቶቹን በቀሚሳቸው ሸፍነው፣ ራሳቸውን ቀብረው ይንቀጠቀጣሉ። ሐጂ ሮጠው አጠገባቸው ተቀመጡና እስኪረጋጉ ድረስ ስለ ዝናቡ አወሩላቸው።

በኋላ ለብቻ ወሰዱኝ። እትዬ ዘሀራ ጦርነቱ ካለፈበት ቀዬ የመጡት አምና ነው። ከቤት የማይወጡ፣ የማያወሩ ሰው ሆነው ነበር። ጫጩቶቹ ከመጡ ወዲህ ነው በር የከፈቱት። አይጦቹ ደግሞ እነዚያኑ እየለቀሙ ነው።

«ታዲያ ለሻጩ እውነቱን ለምን አልነገርነውም?» አልኩ።

«የሚስቴን ጉዳይ ለሱቅ ሰው ላወራ? ለፍየል ያዘነ ይበቃኛል» አሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ሐጂ ጠመንጃዋን ይዘው ከመኖ ቤቱ ጀርባ ተቀመጡ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ እትዬ ዘሀራን በወሬ እንድይዝ ታዘዝኩ። ሻይ ቀዱልኝ። ስለ ሰርግ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለማላውቀው ሁሉ ቀባጠርኩ። ጆሮዬ ግን ውጭ ነበር። እኔ እንኳ ለአይጧ አልነበረም የፈራሁት።

«ጠፍ» አለ ከውጭ።

እትዬ ዘሀራ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ... ግንባራቸውን ቋጠሩ... ከዚያ፣ ከመጡ ወዲህ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ ጮኹ።

«አንተ ሰው! በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው እንጂ!»

ከመኖ ቤቱ ጀርባ የሐጂ ድምፅ መጣ፤ ትንሽ ተሰብሮ ነበር።

«እሺ ዘሀራ! ጥፋቱ የኔ ነው!»

ሚስቱ ስለጮኸችበት ያለቀሰ ባል የገጠመኝ ያን ቀን ነው።